«ዲድ»፣ «ካርታ» እና «ስመ ሀብት»፦ ስለ ሐሰተኛ የቤት ሰነድ የሚነገሩ ቃላት አተረጓጐም

የሕግ ቃል አተረጓጐም አንባቢው የሚወስደውን እርምጃ ይወስናል። በዩናይትድ ስቴትስ ቤት ያላቸው አማርኛ ተናጋሪዎች ንብረታቸውን ከሐሰተኛ ሰነድ እንዲጠብቁ የሚነገረውን ምክር ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ፣ በመጀመሪያው ቃል ላይ ከተሳሳተ ምክሩ በሙሉ ይበላሻል። ስለዚህ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ከዚህ በታች እንመረምራለን።

መነሻችን «ዲድ» የሚለው ቃል ነው። ይህ ቃል በተለምዶ «የባለቤትነት ማረጋገጫ»፣ ባጭሩም «ካርታ» ተብሎ ይተረጐማል። ሁለቱ ሰነዶች ግን በባሕርያቸው ይለያያሉ። በኢትዮጵያ ማረጋገጫውን የሚሰጠው የአስተዳደር ክፍል ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1195 እንደ ደነገገው፣ እንዲህ ያለ ማስረጃ የተሰጠው ሰው የማይንቀሳቀሰው ንብረት ባለሀብት እንደ ሆነ ይገመታል። ግምቱ የሚፈርስባቸውን ምክንያቶች ደግሞ ቁጥር 1196 ይዘረዝራል። የእንግሊዝኛው «ዲድ» ግን «ማድረግ» ከሚለው ግሥ ጋር አንድ ሥር ያለው ስም ሲሆን፣ ሰጪው ንብረቱን ለተቀባዩ የሚያስተላልፍበት የተፈረመ ጽሑፍ ነው። ባለሀብትነቱ ራሱ «ታይትል» ይባላል። ታይትል መብት ስለ ሆነ በሣጥን አይቈለፍም።

«ካርታ» የሚለውን ትርጉም ያነበበ ባለቤት «ካርታዬ በእጄ ነው» ብሎ ይተማመናል። አታላዩ ግን ያን ወረቀት አይፈልገውም። የባለቤቱን ፊርማ አስመስሎ አዲስ ዲድ ያዘጋጃል፤ በሐሰተኛ መታወቂያ ወይም በሐሰተኛ ማኅተም የኖታሪ ምስክርነት ያሰፍርበታል፤ ከዚያም በካውንቲው የሰነድ መዝጋቢ ቢሮ ያስመዘግበዋል። መዝጋቢው በአብዛኛው ሰነዱ በቅርጹ የተሟላ መሆኑንና ክፍያው መፈጸሙን ይመለከታል እንጂ የፊርማውን እውነተኛነት አይመረምርም። ስለሆነም የመዝጋቢውን ሥራ «አረጋገጠ» ብሎ መተርጐም ከባድ ስሕተት ነው፤ ትክክለኛው ቃል «መዘገበ» ነው።

በሐሰት የተፈረመ ዲድ በሕግ ፊት ከንቱ ነው፤ ከአታላዩ በቅን ልቡና የገዛ ሰው እንኳ ባለሀብት አይሆንበትም። ይሁን እንጂ መዝገቡ በሌላ ሰው ስም ስለሚታይ፣ ባለቤቱ ፍርድ ቤት ሄዶ ማስለወጥ ይኖርበታል። ይህም ጊዜንና ገንዘብን ይጠይቃል።

«የቤት ስርቆት» የሚለውም ትርጉም አይስማማም። አንባቢው ሌባ በር ሰብሮ እንደ ገባ ይረዳዋልና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግም ስርቆትን የሚመለከተው ከተንቀሳቃሽ ዕቃ ወይም ከማይንቀሳቀስ ነገር ከተነጠለ ነገር ጋር አያይዞ ነው፤ ቤት እንደ ቆመ አይሰረቅም።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ስያሜዎች እናቀርባለን፦

ሀ/ ዲድ፦ የንብረት ማስተላለፊያ ሰነድ፤

ለ/ ታይትል፦ ባለሀብትነት፤

ሐ/ ሪኮርዲንግ፦ ምዝገባ፤

መ/ ዲድ ፍሮድ፦ በሐሰተኛ ሰነድ ስመ ሀብት ማዛወር፤

ሠ/ ኳይት ታይትል፦ ባለሀብትነትን የማጥራት ክስ።

አራተኛው ስያሜ በሀገራችን ጽሕፈት ቤቶች ከተለመደው «ስመ ሀብት ማዛወር» ከሚለው አነጋገር የተወሰደ ነው። በዚህ ወንጀል የሚዛወረው በመዝገብ ላይ ያለው ስም ብቻ ሲሆን ሀብቱ በሕግ ከባለቤቱ አይወጣም፤ ቃሉም ይህንኑ ያሳያል። አምስተኛውን «ጸጥታ» በሚል ቃል መመለስ ትርጉም አይሰጥም፤ የክሱ ዓላማ የተነሣውን ክርክር አጥርቶ መዝገቡን ማስተካከል ነው።

ስያሜው ሲስተካከል ምክሩም ይስተካከላል። «ካርታዎን በጥንቃቄ ያስቀምጡ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ቤትን አያድንም። በምትኩ እንዲህ ተብሎ ሊጻፍ ይገባል፦ «በስምዎ የተመዘገበውን ንብረት መዝገብ በየጊዜው ይመልከቱ። ካውንቲው አዲስ ሰነድ ሲመዘገብ የማሳወቅ አገልግሎት ካለው ይመዝገቡበት። የግብር ደብዳቤ መምጣቱን ካቆመ ምክንያቱን ይጠይቁ። ያልፈረሙት ሰነድ ተመዝግቦ ካገኙ ሳይዘገዩ ለፖሊስና ለመዝጋቢው ያመልክቱ፤ ጠበቃም ያማክሩ።» ይህ ምክር በተለይ ቤታቸው ባዶ ለሆነና ከሀገር ርቀው ለሚቈዩ ባለቤቶች ይጠቅማል።

ከእነዚህ የተሻሉ ስያሜዎች ያሏቸው ተርጓሚዎች ሐሳባቸውን ቢልኩልን በደስታ እንቀበላለን።