የጄት ሞተር ኮምፒውተር መብራት ከማን ይወስዳል?

የጄት ሞተር እንደ መኪና ሞተር ያለማቋረጥ ብልጭታ የሚፈልግ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ግን እንደ ቡታጋዝ ነው፤ አንዴ ከተቀጣጠለ ክብሪቱን ማን ይፈልገዋል? ነዳጅና አየር እስካልተቋረጠ ድረስ እሳቱ ራሱን ይዞ ይቀጥላል። ካንዴላው ዋና ሥራ የሚኖረው ሞተሩ ሲነሣ ነው። ከዚያ በኋላ የሚቀሰቀሰው እንደ ከባድ ዝናብ ባለ ጊዜ ወይም እሳቱ ሊጠፋ ሲል ነው።

ጭንቁ ያለው ነዳጁ ላይ ነው። በድንገት ቢበዛ በመጭመቂያው ውስጥ የሚያልፈው አየር ይታወካል፣ አንዳንዴም ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ተርባይኑም ከልኩ በላይ ይግላል። በድንገት ቢቀንስ ደግሞ እሳቱ ይጠፋል። ዱሮ ይህን ሚዛን የሚጠብቀው ሞላና ቫልቭ የታጨቀበት፣ ነዳጁ ራሱ በግፊቱ የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ ነበር። ሥራውን ሙሉ በሙሉ ለዲጂታል ኮምፒውተር ያስረከበው የመጀመሪያው የመንገደኛ አውሮፕላን ሞተር በ1984 እ.ኤ.አ. በቦይንግ 757 ላይ አገልግሎት የጀመረው የፕራት ኤንድ ዊትኒ ፒደብልዩ2000 ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ 757ቶችም የበረሩት በዚሁ ዓይነት ሞተር ነው።

ኮምፒውተሩ ፋዴክ ይባላል። አብራሪው ዘንጉን ሲገፋ ከነዳጁ ቫልቭ ጋር የሚያገናኘው የሚጎተት ሽቦ የለም፤ ወደ ሞተሩ የሚሄደው ዘንጉ ምን ያህል እንደተገፋ የሚናገር የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። ፋዴክ የውጩን አየር ሙቀትና ግፊት፣ የሞተሩንም ዙር አይቶ ቫልቩን በልኩ ይከፍታል። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፤ ለስስ አየር የሚመጥነውን ነዳጅ የሚሰፍረው አብራሪው ሳይሆን ፋዴክ ነው። በብዙዎቹ አዳዲስ ሞተሮች ደግሞ መሬት ላይ ሲነሡ ሙቀቱ ከገደብ ካለፈ ማንንም ሳያስፈቅድ ነዳጁን ይዘጋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን ስሌቱ አይደለም፤ ጥርጣሬው ነው። በአንዱ ሣጥን ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁለት ናቸው፤ አንዱ ቢታመም ሌላው ይረከባል። መብራቱንም ከአውሮፕላኑ አይለምንም። ሞተሩ ራሱ የሚያዞረው፣ ለፋዴክ ብቻ የተመደበ ትንሽ ዲናሞ አለ። ለምሳሌ በሲኤፍኤም56 ሞተር ላይ የከፍተኛ ግፊቱ ዘንግ ዙር 15 ከመቶ ገደማ ሲደርስ ዲናሞው ፋዴክን መመገብ ይጀምራል። የአውሮፕላኑ መብራት ድርግም ቢል እንኳ ሞተሩ ሥራውን አያቆምም።

ይህ ጥንቃቄ የበዛ ለሚመስለው፣ በመጋቢት 2007 እ.ኤ.አ. በጀርመን ሽፓየር የሆነውን ልንገረው። ዳይመንድ ዲኤ42 ባለ ሁለት ሞተር ትንሽ አውሮፕላን ናት፤ ሞተሮቿ ናፍጣ ስለሆኑ ካንዴላ አያስፈልጋቸውም፣ ነዳጃቸውን ግን ኮምፒውተር ይሰፍራል። ኮምፒውተሮቹ መብራት የሚያገኙት ከአውሮፕላኑ የጋራ መስመር ነበር። በዚያ ቀን ባትሪው ስለደከመ ሞተሮቹ ከውጭ በመጣ መብራት ተነሡ። ከመሬት እንደተነሣች ጎማዎቹ ሲታጠፉ ብዙ ኤሌክትሪክ ሳቡ፤ ደካማው ባትሪ ሊደጉም አልቻለም፤ ቮልቴጁ ለቅጽበት ወረደ። ኮምፒውተሮቹ ጠፍተው እንደገና ሲነሡ ሁለቱም ሞተሮች ቆሙ። ከዚያ በኋላ ለኮምፒውተሮቹ የራሳቸው መጠባበቂያ ባትሪ ተጨመረላቸው።