ጤፍን የፈለሰፈው ማን ነው?

ከመዲና ወይም ከጅዳ በሐረመይን ፈጣን ባቡር ወደ መካ የሚጓዝ መንገደኛ የሚወርደው በሩሰይፋ ጣቢያ ነው። በዑምራ ወቅት፣ በተለይም በረመዷን ምሽቶች፣ ኢሕራም የለበሱ ወንዶች፣ ልጆቻቸውን በእጃቸው የያዙ እናቶችና ሻንጣ የሚጎትቱ አዛውንቶች ከጣቢያው በር እየተግተለተሉ ይወጣሉ። ከመካከላቸው በአማርኛ «ቆይ እስቲ፣ ስልኬ የት ገባ?» የሚል ድምፅ ቢሰማ ብርቅ አይደለም። የባቡሩ ትኬት በስልክ ውስጥ ነው፤ የዑምራው ፈቃድ በኑሱክ መተግበሪያ ውስጥ ነው፤ የሆቴሉ አድራሻም እንዲሁ። የዛሬ ሐጃጅ ስንቁን ረስቶ ሊመጣ ይችላል፤ ስልኩን ግን አይረሳም።

ስለ ስልኩና ስለ መተግበሪያው ሁሉም ሰው የሚናገረው አለው። ተሳፋሪውን ስላደረሰው ባቡር ግን ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁት ነገር አለ። በመስከረም 2018 (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዘመናት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በንጉሥ ሰልማን የተመረቀው ይህ የ450 ኪሎ ሜትር መስመር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር በሚከንፉ 35 ባቡሮች ይገለገላል። ባቡሮቹን የሠራቸው ታልጎ የተባለ የስፔን ኩባንያ ነው። «ታልጎ» ተራ የንግድ ስም አይደለም፤ የስፓኝ ቃላት ምኅጻር ነው፤ ትርጉሙም የጎይኮቼአና የኦሪዮል ቀላልና ተገጣጣሚ ባቡር ማለት ነው። ጎይኮቼአ የባቡሩን አሠራር ያሰበው መሐንዲስ ነው፤ ኦሪዮል ደግሞ ገንዘቡን ያወጣው ባለሀብት። ኩባንያው በ1942 ሲቋቋም ሐሳብ ያመጣውና ብር ያመጣው ሰው በአንድ ስም ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ከስምንት ዐሥርት ዓመታት በኋላ ከሩሰይፋ ተነሥቶ መዲና የሚሄደው ሐጃጅ፣ ሳያውቀው የሁለት ስፔናውያንን ስም ተሳፍሮ ይጓዛል።

ሐሳብ ባለቤት እንዳለው ዓለም የተስማማበት ጉዳይ ነው። የፓተንት ሕግ የሚጠይቃቸው ነገሮችም በወረቀት ላይ ሲታዩ ምክንያታዊ ናቸው፦ ነገሩ አዲስ ይሁን፣ ለሙያው ሰው ግልጽ ያልሆነ የፈጠራ ደረጃ ይኑረው፣ ለኢንዱስትሪ ይጥቀም። ይህን ላሟላ ሰው መንግሥት ለ20 ዓመት ያህል «ያለ አንተ ፈቃድ ማንም አይሠራበትም» ይለዋል፤ በምላሹ ምሥጢሩን ለሕዝብ ይገልጣል። ፍትሐዊ ስምምነት ነው። ችግሩ የሚጀምረው «አዲስ» የሚለውን ቃል የሚተረጉመው ማን እንደሆነ ሲጠየቅ ነው።

ለምሳሌ አማዞን በመስከረም 1999 በአሜሪካ ያስመዘገበውን ፓተንት እንመልከት። የፈጠራው ምሥጢር ደንበኛው አንድ ጊዜ ብቻ ተጭኖ ዕቃ መግዛት እንዲችል ማድረግ ነበር። አንድ ጊዜ መጫን! መርካቶ ውስጥ ደንበኛውን በዐይኑ ብቻ አይቶ «እንደ ወትሮው ነው?» ብሎ የሚመዝን ባለ ሱቅ ከዚያም በታች በሆነ ድካም ሲሸጥ ኖሯል፤ ነገር ግን ማመልከቻ አላስገባም። ፓተንቱ እስከ 2017 ጸንቶ ቆየ፤ አፕልም ሳይቀር ከፍሎ ፈቃድ ወሰደበት። አፕል በተራው ሳምሰንግን የከሰሰባቸው የንድፍ መብቶች ማዕዘናቸው የተለሰነ የስልክ ገጽታን የሚጨምሩ ነበሩ። ክርክሩ ከ2011 እስከ 2018 ዘልቆ፣ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ በመጨረሻ ሁለቱ ኩባንያዎች በስምምነት ዘጉት። ምጣድን ክብ ያደረጉት የጥንት እናቶች ዕድለኞች ናቸው፤ በዘመናቸው የንድፍ መብት ጠበቃ አልነበረም።

ከዚህም የባሰ አለ። ስቲቨን ቴለር የተባሉ አሜሪካዊ «ፈልሳፊው እኔ ሳልሆን ዳቡስ የተባለው ሰው ሠራሽ አስተውሎቴ ነው» ብለው በብዙ አገሮች አመለከቱ። ከፈጠራዎቹ አንዱ የምግብ መያዣ ነው። የብሪታንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በታኅሣሥ 2023 ፈልሳፊ ሰው መሆን እንዳለበት ወሰነ። ደቡብ አፍሪካ ግን ማመልከቻዎችን በይዘታቸው ስለማትመረምር በ2021 መዝግባዋለች። ስለዚህ በዚህ ምድር ላይ፣ በሕጋዊ መዝገብ፣ የምግብ ዕቃ ፈለሰፈ የተባለ ማሽን አለ። መሶብን የፈለሰፈችው ሴት ስም ግን በየትም መዝገብ አይገኝም።

በዚህ ሁሉ መሳቅ ይቻላል፤ መብቱን ከናካቴው መካድ ግን ሌላ ነገር ነው። በሙስሊሙ ዘንድ «ዕውቀት የአላህ ነው፤ የሰው ፈጠራ ብሎ ነገር የለም፤ እንደ ልብ መቅዳት ይቻላል» የሚል ወሬ አልፎ አልፎ ይሰማል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው የተሰረቀ ፕሮግራም ኮምፒዩተሩ ላይ የጫነ ሰው ነው። ዋና ጽሕፈት ቤቱ እዚሁ ጅዳ የሚገኘው ዓለም አቀፉ የኢስላም ፊቅህ አካዳሚ ግን በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤው፣ በ43ኛው ውሳኔው፣ ነገሩን አጥርቶታል። የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት የባለቤቶቻቸው መብቶች ናቸው፤ በዘመናችን ልማድ የገንዘብ ዋጋ አላቸው፤ በሸሪዓ የተጠበቁ ስለሆኑ መድፈር አይፈቀድም። ውሳኔው አጭር ነው፤ ነገር ግን አንድ ቃል ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል፦ «የባለቤቶቻቸው»። ባለቤት ያልሆነ ሰው ባለቤት ነኝ ብሎ ቢያስመዘግብስ?

ወደ ጤፍ የሚያመጣን ይህ ጥያቄ ነው።

ጤፍ ስሙን ያገኘው «ጠፋ» ከሚለው ቃል ነው ይባላል፤ ፍሬው እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከእጅ ካመለጠ አይገኝም። አንድ ግራም ለመሙላት ከ2,500 የማያንስ ፍሬ ያስፈልጋል። የኢትዮጵያ ገበሬ በሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት ከዱር ሣር መርጦ ሰብል አደረገው፤ ነጩን ከቀዩ፣ ሠርገኛውን ከማኛው ለየው። እናቶችም እርሾውን፣ አብሲቱን፣ የምጣዱን ሙቀት አበጁለት። ግሉተን የሌለበት መሆኑ በአውሮፓ ከታወቀ በኋላ ስንዴ የማይስማማቸው ሰዎች ፈለጉት፤ ፈላጊ ያለው ነገር ደግሞ ማመልከቻ ይጻፍበታል።

አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በ2003 በጤፍ ዱቄት አዘገጃጀት ላይ የፓተንት ማመልከቻ አስገባ። በ2005 ደግሞ ሄልዝ ኤንድ ፐርፎርማንስ ፉድ ኢንተርናሽናል በሚል ስም የሚታወቀው ይኸው ኩባንያ ከኢትዮጵያ የብዝኃ ሕይወት ጥበቃ ኢንስቲትዩትና ከግብርና ምርምር ድርጅት ጋር ለ10 ዓመት የሚቆይ ውል ተፈራረመ። ውሉ በወቅቱ በዓለም ላይ ለሌሎች ምሳሌ እንዲሆን የታሰበ ነበር፤ ኩባንያው የኢትዮጵያን የጤፍ ዘር ይጠቀማል፣ ከትርፉም ያካፍላል ይላል። ትርፉ ግን ሳይመጣ ቀረ። የኖርዌዩ ፍሪትዮፍ ናንሰን ኢንስቲትዩት ተመራማሪዎች በ2012 ባወጡት ጥናት እንዳሰፈሩት፣ ኩባንያው በ2009 ኪሳራ አውጆ እስከፈረሰበት ጊዜ ድረስ ኢትዮጵያ ያገኘችው ጥሬ ገንዘብ 4,000 ዩሮ ነው። አራት ሺህ! አዲስ አበባ ላይ አንድ መካከለኛ ሰርግ በዚህ ገንዘብ አያልቅም።

የሚያስገርመው ደግሞ ቀጥሎ የሆነው ነው። የአውሮፓ የፓተንት ጽሕፈት ቤት በ2007 መብቱን ሰጥቶ ነበር። ኩባንያው ሲፈርስ ግን ውሉና ፓተንቱ አብረው አልሞቱም። ኢትዮጵያ የፈረመችው ውል ከከሰረው ድርጅት ጋር ወደ መቃብር ወረደ፤ ፓተንቱ ግን ወደ ሌላ ኩባንያ እጅ ተሻገረ። የመክፈል ግዴታ ያለበት ሞተ፤ የማስከፈል መብት ያለው ቀረ። ነገሩን በፊቅህ ትምህርት ቤት የውርስ ምዕራፍ ላይ ለሚቀመጥ ደረሳ ቢነግሩት፣ ከሟቹ ንብረት ላይ ዕዳው ሳይከፈል ውርስ እንዴት ተከፈለ ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

የፓተንቱ ጭብጥ ሲነበብ ሳቅና ቁጣ አብረው ይመጣሉ። ጤፉ ከታጨደ በኋላ ለሳምንታት አርፎ መብሰሉን እንዲጨርስ ማድረግ፣ ከዚያ መፍጨት፣ ዱቄቱን በተወሰነ የጥራት መለኪያ መመዘን፣ ከእርሱም ሊጥ አቡክቶ መጋገር ነው። ጎተራ የሚባለው ነገር ለምን እንደተሠራ ለመርማሪው የነገረው ሰው አልነበረም።

መፍትሔው የመጣው ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከሁለት ኩባንያዎች ጠብ ነው። የፓተንቱ አዲስ ባለቤት አንሸንት ግሬን ቤክልስ የተባለውን የዳቦ ግብዓት አምራች «ያለ ፈቃዴ የጤፍ ምርት ሸጥህብኝ» ብሎ ሄግ በሚገኘው ፍርድ ቤት ከሰሰ። ተከሳሹ «መጀመሪያውኑ ፈጠራ ያልሆነ ነገር ነው» ብሎ መለሰ። ፍርድ ቤቱም በኅዳር 21 ቀን 2018 ፓተንቱ የፈጠራ ደረጃ የሌለው በመሆኑ ዋጋ አልባ ነው ሲል ወሰነ። ሁለት ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል፤ ለዚያ ቀን ብቻ ሣሩ ተጠቀመ፤ ጤፍም እኮ በዘሩ ሣር ነው። ዜናው ለሰፊው ሕዝብ የተሰማው ከሦስት ወር በኋላ፣ በየካቲት 2019፣ በወቅቱ በአሜሪካ የኢትዮጵያ አምባሳደር የነበሩት አቶ ፍጹም አረጋ በትዊተር ሲያበሥሩት ነው። ደስታው ታላቅ ነበር። ውሳኔው ግን የሚሠራው ለኔዘርላንድስ ብቻ ነበር፤ ፓተንቱ በሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ተመዝግቦ ስለነበር በእያንዳንዳቸው ለየብቻ ይታያል። ኢትዮጵያ በክርክሩ ውስጥ ከሳሽም ተከሳሽም እንዳልነበረች ልብ ያለ ሰው ደስታው ላይ ትንሽ ጨው ተነሰነሰበት።

ጤፍ ብቻውን አይደለም። የእርድን ቁስል የማዳን ጥቅም በ1995 በአሜሪካ ፓተንት ያገኘ ዩኒቨርሲቲ ነበር፤ ሕንድ የጥንት መጻሕፍቷን አቅርባ ተከራክራ በ1997 አሠረዘችው። ኔስሌም ከጥቁር አዝሙድ የሚገኘውን ታይሞኪኖን ለምግብ አለርጂ መከላከያ ለመጠቀም ፓተንት ሲጠይቅ በሙስሊሙ ዓለም ጭምር ጩኸት ተነሣ። ኩባንያው ተክሉን ራሱን እንዳልጠየቀ አስረዳ፤ በሕጉ ቋንቋ ትክክል ነበር። ይሁንና ጥቁር አዝሙድን ከሐዲስ የሚያውቅ ሕዝብ ስለ ፈውሱ ከጄኔቫ ሐይቅ ዳርቻ ሲነገረው ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።

በቡናው ነገር ኢትዮጵያ ነቃ ያለች ነበረች። በ2005 ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ማኅበር ተቃወመ፤ ስታርባክስ ሲዳሞ የሚለውን ቃል የያዘ ምልክት ለማስመዝገብ ቀድሞ አመልክቶ ኖሯል። ከብዙ ሙግትና ከኦክስፋም ዘመቻ በኋላ በሰኔ 2007 ኩባንያው የኢትዮጵያን የስሞቹ ባለቤትነት የሚያውቅ ስምምነት ፈረመ። ስም ዋጋ እንዳለው ሳዑዲ ዓረቢያም ጠንቅቃ ታውቃለች፤ 2022ን የሳዑዲ ቡና ዓመት ብላ ስትሰይም፣ ምግብ ቤቶች «የዓረብ ቡና» ማለትን ትተው «የሳዑዲ ቡና» እንዲሉ የንግድ ሚኒስቴር አሳስቧል። በመካ ገበያ ግን «ሀረሪ» ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ዛሬም አለ፤ በድስቱ ውስጥ የሳዑዲ ሄል፣ የሐረር ፍሬ ይገናኛሉ። በዚህ ላይ እስካሁን ማንም ክስ አልመሠረተም፤ አልሐምዱሊላህ።

ሕጉ ራሱ ከነዚህ ታሪኮች አንድ ነገር የተማረ ይመስላል። የዓለም አእምሯዊ ንብረት ድርጅት አባላት ከ20 ዓመት በላይ ከተከራከሩ በኋላ በግንቦት 24 ቀን 2024 ጄኔቫ ላይ አዲስ ስምምነት አጸደቁ። በእርሱ መሠረት ፈጠራው በዕፅዋት ወይም በሌላ የዘር ሀብት ላይ የተመሠረተ አመልካች ሀብቱ ከየት አገር እንደመጣ መግለጥ ይገደዳል፤ የነባር ሕዝቦች ዕውቀት ካለበትም የማን እንደሆነ ይናገራል። በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በሪያድ የተደረገው ጉባኤ ደግሞ የከተማዋን ስም የያዘ የንድፍ ሕግ ስምምነት አውጥቷል፤ አገሮች ከፈለጉ ንድፍ የሚያስመዘግብ ሰው የተጠቀመበትን ባህላዊ ዕውቀት እንዲያሳውቅ መጠየቅ ይችላሉ። የመሶብ ስፌት፣ የሐረር ሙዳይ፣ የጥበብ ጥለት የሚሠሩ ሁሉ ይህን አንቀጽ ቢያነቡት ይበጃቸዋል።

የጄኔቫው ስምምነት ግን ወደ ኋላ አይሠራም፤ ከመጽናቱ በፊት የገቡ ማመልከቻዎችን አይነካም። በሥራ ላይ የሚውለውም 15 አገሮች ሲያጸድቁት ነው። ማመልከቻው ላይ የምንጩን አገር ያልጻፈ ሰውም በዚህ ብቻ ፓተንቱን አያጣም፤ የሚያጣው ሆን ብሎ ለማታለል ደብቆት ከተገኘ ነው፤ ያም ቢሆን አስቀድሞ እንዲያርም ዕድል ተሰጥቶት። ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንድ ኩባንያ የጤፍ ዱቄት ይዞ ሲመጣ፣ በቅጹ ላይ «የትውልድ አገር» የሚል ባዶ መስመር ይጠብቀዋል። መርማሪው መስመሩን ሲያይ ወደ አዲስ አበባ ስልክ ይደውል አይደውል፣ ስምምነቱ ምንም አይልም።