ትልቅ ዛፍ የሚሞተው ከእግሩ ነው

በአዲስ አበባ ፓርኮች ውስጥ አንድ የቆየ ጽድ ከአናቱ መድረቅ ሲጀምር አብዛኛው ሰው «አርጅቶ ነው» ብሎ ያልፋል። ጽድ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያረጅ ዛፍ አይደለም። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ቅጥር ውስጥ ስንት ትውልድ አሳልፎ ዛሬም ቆሟል። ታዲያ የፓርኩ ጽድ ለምን ይቸኩላል? እኔ ሙያዬ ደን ነው፤ የሚደርቅ ዛፍ ሳይ መጀመሪያ የምመለከተው ቅርንጫፉን ሳይሆን የቆመበትን መሬት ነው።

የዛፍ ሥር ወደ ታች ብቻ ጠልቆ የሚሄድ ይመስለናል። አብዛኛው ሥር ግን ያለው በላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎን ደግሞ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይዘረጋል። ውሃና ምግብ የሚስቡት እንደ ክር የቀጠኑት ሥሮች ናቸው። እነሱም ይተነፍሳሉ፤ በአፈሩ መካከል አየር ካጡ ይሞታሉ።

አሁን እኛ የምናደርገውን እንይ። በጥላው ሥር መኪና እናቆማለን፣ ለድግስ ድንኳን እንተክላለን፤ አፈሩ ይጠቀጠቃል። እስከ ግንዱ ድረስ ሲሚንቶ ይለሰናል። መሬቱን ለማስተካከል ሲባል ሥሩ ላይ አፈር ይደፋል። ለመብራት ወይም ለውሃ መስመር ቦይ ሲቆፈር ሥሩ ይቆረጣል። ዛፉ ግን በዚያው ሳምንት አይደርቅም። ያጠራቀመውን ምግብ እየበላ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። አናቱ መድረቅ ሲጀምር ቦዩን የቆፈረውም ያስቆፈረውም ረስቶታል፤ ጥፋቱ በዕድሜ ይላከካል። በአቃቂና በቦሌ በኩል ባለው ዋልካ አፈር ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል። ዋልካ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ እየተሰነጠቀ ቀጫጭን ሥሮችን ይበጥሳል።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የረገፈውን ቅጠል ጠርገን ከማቃጠል ይልቅ በጥላው ሥር ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንጎዝጉዘው። እርጥበት ይይዛል፤ የምድር ትሎችም አፈሩን ያላሉታል። ጉዝጓዙ ግንዱን እንዳይነካ ግን እንጠንቀቅ፣ ቅርፊቱ ይበሰብሳል። ሥሩ የተጎዳ ዛፍ በበጋ ውሃ ይፈልጋል፦ ከግንዱ ሥር ሳይሆን ከጥላው ጠርዝ አካባቢ፣ በዝግታ፣ እስኪሰርግ ድረስ። ሰው የሚበዛበት ቦታ ላይ ዝቅ ያለ አጥር ማድረግና አግዳሚ ወንበሩን ትንሽ ራቅ ማድረግ ብቻውን ብዙ ይጠቅማል።

አናቱን መቁረጥ ግን እንክብካቤ አይደለም። ከቁስሉ ዙሪያ የሚያቆጠቁጠው አዲስ ቅርንጫፍ ከግንዱ ጋር በደንብ ስለማይያያዝ ውሎ አድሮ በነፋስ ይገነጠላል። ጽድማ ጭራሽ ከጉቶው አያቆጠቁጥም። ቅርንጫፍ መቁረጥ ግድ ከሆነ መጀመሪያ ከሥር በኩል ጥቂት በመጋዝ ይገዘገዛል፤ ቀጥሎ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብሎ ከላይ ይቆረጣል፤ በመጨረሻ የቀረው ጉማጅ ከግንዱ ጋር የሚጋጠምበት ያበጠ ቀለበት ሳይነካ ይወገዳል። ቁስሉን ቀለም ወይም ሬንጅ መቀባት አያስፈልግም። አሜሪካዊው ተመራማሪ አሌክስ ሺጎ በሺዎች የሚቆጠሩ ዛፎችን በሞተር መጋዝ ሰንጥቆ መርምሯል። እ.ኤ.አ. በ1977 ባሳተመው ሥራም ዛፍ የበሰበሰውን ክፍል ከጤናማው በራሱ አጥሮ እንደሚለይ አሳይቷል። የዚያ አጥር አንዱ ክፍል ያለው በቀለበቱ ውስጥ ነው፤ ቀለበቱን ከቆረጥነው መከላከያውን ወሰድንበት ማለት ነው።

«ውስጡ ባዶ ነውና ይቆረጥ» የሚባለውንም አትቸኩሉበት። የዛፍ ሕያው ክፍል ከቅርፊቱ ሥር ያለው ነው፤ ውስጡ ባዶ ሆኖ ጠንክሮ የሚቆም ዛፍ ብዙ ነው። የሚያሰጋው ሌላ ነው፦ በቅርቡ የዘመመና በአንድ ወገን አፈሩ የተነሳ ዛፍ፣ ከሥሩ እንጉዳይ የበቀለበት ዛፍ፣ ከመንገድ ወይም ከወንበር በላይ የተንጠለጠለ ደረቅ ቅርንጫፍ። እነዚህ ከሰኔ ዝናብ በፊት በባለሙያ መታየት አለባቸው።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ በየክረምቱ ችግኝ እንተክላለን። የምንተክለው የልጅ ልጆቻችን የሚያርፉበትን ጥላ አስበን ነው። ያ ጥላ ዛሬ በእጃችን ያለበት ቦታ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ ነው። ስለዚህ በአቅራቢያችሁ ግንዱ በሲሚንቶ የታነቀ፣ ወይም ሥሩ አጠገብ ቦይ ሊቆፈር ምልክት የተደረገበት ዛፍ ካያችሁ ለፓርኩ አስተዳደር ዛሬውኑ ንገሩ። ሲሚንቶው ሊነሳ ይችላል፤ ያልተቆፈረ ቦይ ደግሞ ጥቂት ሜትር ፈቀቅ ማለት ይችላል።