ድድና ዓይን ምን አገናኛቸው?

አንዲት እናት በማታው ትምህርት ላይ ጠየቁን። «ልጆቼ፣ ስኳር አለብኝ። ድዴ ይደማል። ሐኪሙ ድድዎንም ዓይንዎንም ይታዩ አለኝ። ድድና ዓይን ምን አገናኛቸው?» አሉን።

ጥያቄው የብዙዎቻችን ነው። እንመልስ።

በደም ውስጥ ስኳር ለብዙ ጊዜ ሲበዛ ቀጫጭን የደም ሥሮችን ይጎዳል። እንዲህ ያሉ የደም ሥሮች በዓይናችን ውስጥ፣ በስተኋላ በኩል አሉ። ሲጎዱ ይደማሉ። ዓይንንም ሊያሳውሩ ይችላሉ።

ድድስ? ስኳር ያለበት ሰው ድዱ በቀላሉ ይታመማል። የታመመ ድድ ደግሞ ስኳሩን ለመቆጣጠር ያስቸግራል። አንዱ ሌላውን ያባብሳል። በጥናትም ድዳቸው ክፉኛ በታመመ የስኳር ሕመምተኞች ላይ የዓይን ጉዳት ይበልጥ ታይቷል። ድድ ብቻውን ዓይን ያጠፋል ማለት ግን አይደለም።

የዓይኑ ጉዳት ሲጀምር አያምም። ማየትም አይከለክልም። «ደህና አያለሁ» ብለን አንዘናጋ።

ምን እናድርግ? መድኃኒታችንን አናቋርጥ። ጥርሳችንን ጠዋትና ማታ በብሩሽ ወይም በመፋቂያ እናጽዳ። ድዳችን ከደማ ለሐኪም እናሳይ። ስኳር ካለብን ዓይናችንን በየዓመቱ እናስመርምር።

እኚህ እናት ሰኞ ይመረመራሉ። እናንተስ?