እሳት አጥፊውን ኤሌክትሪክ ሲይዘው ተጠያቂው ማን ነው?

በንፋስ ስልክ ላፍቶ እሳት ሲነሳ የእሳት አደጋ ሠራተኛው የሚጋፈጠው ነበልባሉን ብቻ አይደለም። በጎፋ በተጠጋጉ የቆርቆሮ ቤቶች መካከል የተላጠ አንድ ሽቦ ጣሪያውንና ግድግዳውን በሙሉ ሊያስነዝር ይችላል። በጀሞና በለቡ ኮንዶሚኒየሞች የበርካታ ቤቶች ቆጣሪ አንድ ግድግዳ ላይ ተደርድሮ ይታያል። የሰፈሩ መብራት ጠፍቶም እንኳ በአግባቡ ያልተገጠመ ጄኔሬተር ኃይሉን መልሶ ወደ መስመሩ ይልካል፤ ሠራተኛው ጨለማውን አይቶ «ተቆርጧል» ብሎ ይገባል። ከ2016 ዓ.ም ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ በመከልከሉ መንገዱን እየሞሉ ያሉት የኤሌክትሪክ መኪኖችም በመቶዎች ቮልት የሚቆጠር ባትሪ ተሸክመዋል።

939 ተደውሎለት የሚደርሰው የከተማው የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ነው። መስመሩን የሚቆርጠው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት፣ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። በሁለቱ መካከል በምታልፈው እያንዳንዷ ደቂቃ አደጋውን የሚሸከመው ቱቦ የያዘው ሰው ነው። ቢጎዳ ምን መብት አለው?

ብዙዎች መጀመሪያ የሚያነሱት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን፣ ቁጥር 1156/2011ን ነው። ይህ አዋጅ በግል ፋብሪካ ለተቀጠረ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ያገለግላል። የኮሚሽኑ ሠራተኛ ግን የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የሚዳኘው በሲቪል ሰርቪስ ሕግና በመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 1267/2014 ነው። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት የሕክምና ወጪው በመሥሪያ ቤቱ ይሸፈናል፣ እስኪድንም ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይሰጠዋል። ለዘለቄታው መሥራት ካልቻለ የጉዳት አበል ያገኛል። የመሥራት ችሎታውን ሳያጣ ቢያንስ 10 በመቶ ከተጎዳ ደግሞ የሚከፈለው ዳረጎት ነው፤ የወር ደመወዙ 47 በመቶ በ60 ተባዝቶ እንደገና በጉዳቱ መጠን ይባዛል። ደመወዙ 10,000 ብር፣ ጉዳቱ 20 በመቶ ቢሆን 56,400 ብር ይደርሰዋል ማለት ነው፤ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። የጉዳቱን መቶኛ የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። የኤሌክትሪክ ጉዳት ደግሞ ከሌላው ቃጠሎ ይለያል። ኃይሉ የገባበትና የወጣበት ቦታ ላይ የምትታየው ቁስል ትንሽ ልትሆን ትችላለች፤ ውስጥ ለውስጥ ግን ጡንቻና ነርቭ ተቃጥሏል። የዓይን ሞራ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል፣ የእጅ መደንዘዝም ቀስ በቀስ ይባባሳል። ቆዳው ስለዳነ ብቻ ቶሎ የተሰጠ መቶኛ ሠራተኛውን ይበድለዋል። ስለዚህ ወደ ቦርዱ ከመቅረቡ በፊት የልብ፣ የነርቭና የዓይን ምርመራ ማስረጃ ይዞ መገኘት አለበት።

ሁለተኛውን መንገድ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ በእኔ እምነት ግን ይበልጥ የሚጠቅመው እሱ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 2069 ከፍተኛ ኃይል ያለው የኤሌክትሪክ መስመር በመዘርጋት ሌላውን ለአደጋ ያጋለጠ ሰው ጥፋት ባይኖርበትም እንኳ ተጠያቂ ያደርገዋል። በአንቀጽ 2077 መሠረት ደግሞ ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ይጠየቃል። የቤት ውስጥ ዝቅተኛ መስመር ከሆነ ግን በአብዛኛው ጥፋትን ማስረዳት ይጠይቃል፤ ያለ ፈቃድ የተቀጠለ ሽቦ ወይም በዘፈቀደ የተገጠመ ጄኔሬተር ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። አደጋው ከቆጣሪው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለውም ተከሳሹን ይለያል።

«አደጋ መጋፈጥ ሥራው አይደለም ወይ?» የሚል ተከራካሪ መኖሩ አይቀርም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1892 በኢሊኖይ የተጀመረ የፍርድ ልማድ በዚሁ ምክንያት እሳት አጥፊው እሳቱን በቸልተኝነት ያስነሳውን ሰው እንዳይከስ ይከለክለዋል፤ እንደ ኒውዮርክና ኒው ጀርሲ ያሉ ግዛቶች በሕግ የመክሰስ መብት ሰጥተውታል። የእኛ የፍትሐ ብሔር ሕግ እንዲህ ያለ ክልከላ የለውም። ባለመስመሩ ከኃላፊነት የሚያመልጠው ጉዳቱ በተጎጂው ጥፋት መድረሱን ካስረዳ ነው፤ ግዴታውን ለመወጣት መግባት ደግሞ ጥፋት ሊባል አይገባም።

ሕጉ የሚያሳፍርበት ቦታም አለው። ለሕሊና ጉዳት የሚከፈለው ካሳ በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ያኔ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ባሏን ለቀበረች ሴት 1,000 ብር መቁጠር ማላገጥ ነው። ምክር ቤቱ ሊያሻሽለው ይገባል። ለሚተዳደሩበት ገቢ የሚጠየቀው ካሳ ግን ይህ ጣሪያ የለበትም፤ የሟች ሚስትና ልጆች ሊጠይቁት ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። አንቀጽ 2143 ክስ እንዲቀርብ የሚፈቅደው ጉዳቱ ከደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ተጎጂው ከሆስፒታል ወደ ቦርድ ሲመላለስ ጊዜው ያልቃል። ማስረጃውም አይጠብቅም፤ የተቃጠለው ቤት ይፈርሳል፣ ሽቦው ይቀየራል፣ ጄኔሬተሩ ይሸጣል። ኮሚሽኑ ከእያንዳንዱ ጥሪ በኋላ መስመሩ እንዲቆረጥ የተጠየቀበትንና የተቆረጠበትን ሰዓት፣ የቆረጠውን ሠራተኛ ስምና የቦታውን ፎቶ በመዝገብ አስፍሮ ግልባጩን በዚያው ሳምንት ለተጎጂው ይስጥ። ይህ አዲስ አዋጅ አይጠይቅም፤ አንድ የውስጥ መመሪያ ይበቃዋል።