ሚዛኑ የማይናገረው፦ የታይሮይድ መዳከምና የነጋዴው ክብደት

ከብት በዓይን ገምቶ የኖረ ነጋዴ ሚዛንን ሙሉ በሙሉ አያምንም። ገበያ ከመውጣቱ በፊት ጨው ልሶ ውሃ የጠጣ ሰንጋ ሚዛን ላይ ሲወጣ ኪሎው ይጨምራል፤ መኪና ላይ ሲያድር ግን ያው ኪሎ በሽንትና በእበት ወርዶ ይጠፋል። ገዢው የከፈለው ለሥጋ ነው፤ የተረከበው ግን ውሃ ነው። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ቁጥሩን ከመስማቱ በፊት ጎኑን ያያል፣ የጅራቱን ሥር ይዳስሳል።

ይህን በከብት ላይ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው በራሱ ሰውነት ላይ ሲሆን ይዘነጋዋል። የታይሮይድ እጢህ ተዳክሟል የተባለ ነጋዴ መድኃኒቱን ይጀምርና በየሳምንቱ ሚዛን ላይ ይወጣል። ከሁለት ወር በኋላ የወረደው 2 ወይም 3 ኪሎ ብቻ ሲሆን «ይህ መድኃኒት አይሠራም» ብሎ ወይ ያቆመዋል፣ ወይ በራሱ ፈቃድ እጥፍ አድርጎ ይውጠዋል። ሁለቱም ይጎዱታል። ከመወሰኑ በፊት ሊጠይቅ የሚገባው አንድ ነገር አለ፦ ከተጨመረው ክብደት የእጢው ድርሻ ስንት ነው?

እጢው ምን ይሠራል?

ታይሮይድ ከአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች የአየር ቧንቧን አቅፎ የተቀመጠ ትንሽ እጢ ነው። ሰውም በሬም፣ ግመልም ፍየልም አለው። ከምግብና ከውሃ የሚገኘውን አዮዲን ወስዶ ሆርሞን ያመርታል። ሆርሞኑ በደም እየዞረ ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበትና ሙቀት የሚቀይርበትን ፍጥነት ይወስናል። እጢው ሲያብጥ እንቅርት ይባላል። እንቅርት ሳይታይም ግን እጢው ሊዳከም ይችላል።

አርቢዎች የዚህን ችግር አንዱን መልክ ያውቁታል። አዮዲን በሌለው መሬት ላይ የምትግጥ ፍየል አንዳንድ ጊዜ አንገቱ ያበጠ፣ ጠጉሩ የሳሳ፣ ለመጥባት አቅም ያነሰው ግልገል ትወልዳለች። በሰውም የአዮዲን እጥረት አንዱ ምክንያት ነው። ሌላው ሃሺሞቶ የሚባለው በሽታ ሲሆን የሰውነት መከላከያ የገዛ እጢውን እንደ ጠላት ቆጥሮ ቀስ በቀስ ያጠፋዋል። በቀዶ ሕክምና እንቅርት የወጣላቸውና አንዳንድ የልብ ወይም የአእምሮ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም ይገጥማቸዋል። ከወንዶች ይልቅ ሴቶችን በብዙ እጥፍ ያጠቃል፤ ከወሊድ በኋላ የሚጀምርበት ጊዜም አለ።

ምልክቶቹ ከመንገድ ድካም ጋር ስለሚመሳሰሉ በቀላሉ ይሸፈናሉ። ሌሊቱን ከባቢሌ ወደ ቶጎ ውጫሌ ሲጓዝ ያደረ፣ ወይም ሞያሌ ላይ የጤና ምስክር ወረቀት ሲጠብቅ የዋለ ሰው ቢደክመው ማንም አይገረምም። ነገር ግን ሁለት ቀን ተኝቶም የማይለቅ ድካም፣ ሌላው ሰው ሲሞቀው እርሱን የሚበርደው፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ፣ የጠጉር መነቃቀል፣ የፊትና የዓይን ዙሪያ ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የወር አበባ መብዛት፣ የመርሳት ብዛት አንድ ላይ ሲመጡ ምርመራ ያስፈልጋል። የሦስት አገር ገንዘብ ምንዛሪ በቃሉ ይዞ የሚደራደር ሰው ሐሳቡ ሲዘገይበት ኪሳራው ከጤናው አልፎ ወደ ኪሱ ይገባል።

ምርመራው የደም ነው። ቲኤስኤች የሚባለው ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለች እጢ ወጥቶ ታይሮይድን «ሥራ» እያለ የሚያዝ ነው። ታይሮይድ ሲሰንፍ ትእዛዙ ይበዛል፤ ስለዚህ የቲኤስኤች ቁጥር ከፍ ማለት አብዛኛውን ጊዜ የእጢውን መዳከም ያሳያል።

የኪሎው ሒሳብ

የታይሮይድ መዳከም ክብደት ይጨምራል፤ ይህ እውነት ነው። መጠኑ ግን ሰው ከሚያስበው ያነሰ ነው። የአሜሪካ የታይሮይድ ማኅበር ለሕሙማን በሚሰጠው ማብራሪያ፣ እንደ ሕመሙ ክብደት፣ የእጢው ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ገደማ ነው። ከዚህም ውስጥ የሚበዛው ስብ ሳይሆን ሰውነት የያዘው ጨውና ውሃ ነው።

የከብት ንግድ ራሱ ለዚህ ማስረጃ አለው። በአውሮፓ አንዳንድ አድላቢዎች የታይሮይድን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ቲዮዩራሲል የተባለውን፣ ለከብት ይሰጡ ነበር። ከብቱ ሚዛን ላይ ይከብዳል፤ ሲታረድ ግን የጨመረው አብዛኛው በሥጋ ውስጥ የቆመ ውሃና ሆድ ውስጥ የተጠራቀመ ግጦሽ ሆኖ ይገኛል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ ይህን ዓይነት መድኃኒት ለከብት መስጠትን በ1981 እ.ኤ.አ. ከለከለ። ሆን ተብሎ ታይሮይዱ የተዳከመ ከብት የሚጨምረው ኪሎ ከጨው ልሶ ውሃ ከጠጣ ሰንጋ ኪሎ ብዙ የማይለይ ሆኖ ተገኝቷል።

አሁን ወደ ነጋዴው እንመለስ። 70 ኪሎ የነበረ ሰው በጥቂት ዓመታት 86 ደረሰ እንበል። ከተጨመረው 16 ኪሎ የእጢው ድርሻ ቢበዛ 5 ኪሎ ቢሆን፣ 11 ኪሎው ከሌላ ቦታ መጥቷል። መንገዱን በመኪና መቀመጥ፣ በየማረፊያው የሚበላው ፓስታና ጥብስ፣ እንዲሁም ስኳር ይደመሩበታል። በቀን አራት ብርጭቆ ሻይ፣ በእያንዳንዱ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው ከስኳሩ ብቻ 190 ካሎሪ ገደማ ይወስዳል። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ሌላ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይጨምርበታል። ይህን ክፍል የታይሮይድ ኪኒን አይነካውም።

ስለዚህ መድኃኒቱን በትክክል የወሰደ ሰው በጥቂት ወራት እብጠቱ ይጎድላል፣ ጉልበቱ ይመለሳል፣ የተወሰነ ኪሎም ይወርዳል። የሚወርደው በአብዛኛው ከጠቅላላ ክብደቱ ከ10 በመቶ በታች ነው። የቀረው እንደማንኛውም ሰው በምግብና በእንቅስቃሴ የሚወርድ ነው። ልዩነቱ፣ ሆርሞኑ ከተስተካከለ በኋላ ለመራመድ የሚያስፈልገው አቅም መገኘቱ ነው።

ከበግ እጢ እስከ ኪኒን

ይህ ሕክምና መነሻው ከበግ ነው። በ1891 እ.ኤ.አ. ጆርጅ መሪ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም የበግ ታይሮይድ ጭማቂ አዘጋጅቶ እጅግ ለተዳከመች የ46 ዓመት ሴት በመርፌ ሰጣት። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ 28 ዓመት ኖራ በ1919 እ.ኤ.አ. ዐረፈች። በዚያ ሁሉ ዘመን የወሰደችው መድኃኒት ከ870 በላይ በጎች እጢ እንደፈጀ ሐኪሟ ጽፏል። ዛሬ ሆርሞኑ በፋብሪካ ተሠርቶ ሌቮታይሮክሲን በሚል ስም በኪኒን ይሸጣል። ሴትየዋን ያኖራት መርህ አልተለወጠም፦ የጎደለውን ሆርሞን በልኩና ሳያቋርጡ መተካት።

ከልኩ ሲያልፍ ምን እንደሚሆን ደግሞ ሌላ የከብት ታሪክ ያሳያል። በ1984 እና 1985 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በሚኒሶታ ደቡብ ምዕራብና በአጎራባች ግዛቶች 121 ሰዎች እንቅልፍ በማጣት፣ በላብ፣ በመረበሽና በክብደት መቀነስ ታመሙ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ አንድ ቄራ የከብት አንገት ሥጋ ሲመለምል የታይሮይድ እጢው አብሮ ተፈጭቶ ለምግብ መሸጡ ታወቀ። እነዚያ ሰዎች ኪሎ ቀንሰዋል፤ የቀነሱት ግን ታመው ነው።

ለመክሳት ብሎ ኪኒኑን በራሱ የሚያበዛ ሰው ያንኑ በሽታ በገንዘቡ ይገዛል። የልብ ምት ይዛባል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ጡንቻ ይቀልጣል። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የታይሮይድ ሆርሞን ለክብደት መቀነሻ እንዳይውል በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ከፍተኛውን የማስጠንቀቂያ ደረጃ አስቀምጧል። ይዘቱ በግልጽ ያልተጻፈ «ማክሻ» እንክብል ደግሞ በየጠረፍ ከተማው ቢገኝም መግዛት አይገባም፤ ውስጡ ይኸው ሆርሞን ሊኖር ይችላል። ልቡ ለታመመ ሰው ይህ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

መድኃኒቱ መንገድ ላይ ለምን ይከሽፋል?

ኪኒኑን በየቀኑ እየወሰዱ ቲኤስኤቻቸው የማይወርድ ሰዎች አሉ። ብዙ ጊዜ ስህተቱ ያለው በአወሳሰዱ ላይ ነው።

አንደኛው ቁርስ ነው። ሌቮታይሮክሲን በባዶ ሆድ፣ በውሃ፣ ከቁርስ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ በፊት መወሰድ አለበት። ጎህ ሲቀድ ኪኒኑን በሻይ በወተት ወይም በቡና የሚውጥ ነጋዴ የከፈለበትን መድኃኒት ከፊሉን ይጥለዋል። የደም ማነስ የብረት ኪኒን፣ ካልሲየምና የጨጓራ አሲድ ማርከሻ ደግሞ ቢያንስ የ4 ሰዓት ልዩነት ይፈልጋሉ። ሌላ ማንኛውም የጨጓራ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ መንገር አለበት። በረመዳን ወይም በጾም የሚውል ሰው ከመጨረሻው ምግብ 3 ሰዓት ቆይቶ ሲተኛ መውሰድ ይችላል፤ ዋናው ነገር ሰዓቱን ከሐኪም ጋር መርጦ በዚያው መጽናት ነው።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። መድኃኒቱ ሙቀት፣ ብርሃንና እርጥበት ይጎዱታል፤ በብዙዎቹ ማሸጊያ ላይ ከ25 ዲግሪ በታች ይቀመጥ የሚል ተጽፏል። በአፋር ወይም በጅቡቲ መንገድ የመኪና መስታወት ሥር የዋለ ኪኒን ኃይሉን ሊያጣ ይችላል። ከነማሸጊያው በዕቃ መሐል፣ ከፀሐይ ርቆ ቢያዝ ይሻላል።

ሦስተኛው ድንበር ነው። አንዱ አገር ያለቀበት ሌላው አገር ሲገዛ የሌላ ፋብሪካ ምርት፣ የሌላ መጠን ያገኛል። አንዱ ማሸጊያ 100 ማይክሮግራም ሲል ሌላው 0.1 ሚሊግራም ይላል፤ ሁለቱ አንድ ናቸው። 0.05 ሚሊግራም ግን 50 ማይክሮግራም፣ ማለትም ግማሹ ነው። የማሸጊያው ቀለም መለያ አይሆንም። ባዶውን ማሸጊያና የሐኪም ማዘዣውን ይዞ መሄድ፣ ፋብሪካው ከተለወጠም ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች መመርመር ያስፈልጋል። ለጉዞ ሲነሱ ከታሰበው ቀን በላይ የሚበቃ መያዝም ጥሩ ነው፤ የኳራንታይን ቆይታ እንደታሰበው የማያልቅበት ጊዜ አለ።

መድኃኒቱ ከሰውነት ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ግማሹ እስኪወጣ አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ አንድ ቀን ቢረሳ አደጋ የለውም። አደጋው ያቆመ ሰው ሳምንታት እስኪያልፉ ምንም አለመሰማቱና «አያስፈልገኝም ነበር» ማለቱ ነው። ለረጅም ጊዜ ሳይታከም የቆየ ከባድ መዳከም በብርድ ወይም በሌላ ሕመም ላይ ሲደረብ ራስን እስከ መሳትና እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል።

ጨውና ውሃ

ኢትዮጵያ እስከ 1998 እ.ኤ.አ. ጦርነት ድረስ አዮዲን የገባበት ጨው በብዛት ታገኝ የነበረው ከኤርትራ ነው። ከዚያ ወዲህ ምንጩ ወደ አፍዴራ ሲዞር አዮዲን የሌለው ጨው በገበያ በዛ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣ ደንብ ለምግብ የሚሸጥ ጨው አዮዲን እንዲገባበት አዘዘ። ለከብት የሚገዛው ጥሬ ጨው ከዚህ ውጭ ሊሆን ስለሚችል ከጆንያው ተዘግኖ ወደ ወጥ ባይገባ ይመረጣል። የቤቱ ጨውም ከፀሐይና ከእርጥበት ተከድኖ መቀመጥ አለበት።

በሶማሊያ ደግሞ የተገኘው ተቃራኒው ነው። እዚያ የተደረገ ጥናት የሕዝቡ የአዮዲን መጠን ከሚፈለገው በላይ መሆኑን፣ ይህም ከሚጠጣው የጉድጓድ ውሃ ጋር መያያዙን አሳይቷል። የበዛ አዮዲንም ታይሮይድን ያውካል። በሁለቱ አገሮች መካከል የሚመላለስ ሰው እንግዲህ በግምት አዮዲን ገዝቶ ቢወስድ ችግሩን ሊያብስ ይችላል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

ሕክምና የጀመረ ሰው ከሚዛኑ በፊት ሦስት ነገር ይያዝ፦ የቲኤስኤች ውጤቱን ከነቀኑ፣ የሚወስደውን መጠን በማይክሮግራም፣ እና የወገቡን ልክ። ሚዛን ላይ ሲወጣ በሳምንት አንድ ቀን፣ ጠዋት፣ ምግብ ሳይቀምስ ይሁን። ቲኤስኤቹ ተስተካክሎ ኪሎው ካልወረደ መጠኑን ከመንካት ይልቅ የሻይ ስኳሩን መቀነስና ከመኪና ወርዶ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት መራመድ ይቀድማል። ያረገዘች ወይም ለማርገዝ ያሰበች ሴት ግን ኪሎውን ትታ ወዲያውኑ ሐኪሟን ታማክር፤ በእርግዝና ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚያስፈልገው መጠን ይጨምራል፣ የፅንሱ አእምሮም በእርሷ ሆርሞን ላይ ይደገፋል።