የግዞተኛዋ አያት ፈለግ፦ ከመዝገብ ውስጥ ሰው ስለማግኘት

«በቃል ያለ ይረሳል፤ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። አባባሉ እውነትነት አለው። ግን አንድ ጥያቄ ያስከትላል፤ ለመሆኑ በጽሑፍ ያለውን የጻፈው ማነው? ስለ አንዲት ሴት የተጻፈው ሁሉ የከሳሿ፣ የዳኛዋና የእስር ቤት ጠባቂዋ ቃል ቢሆንስ? የልጅ ልጆቿ የሚወርሱት የማንን ቃል ነው?

ይህን ጥያቄ ቁልጭ አድርጎ ከሚያሳዩት ነገሮች አንዱ በአውስትራሊያ ብዙ ቤተሰቦች የሚያካሂዱት ፍለጋ ነው። ከእንግሊዝና ከአየርላንድ በግዞት ተጭነው የመጡ ሴት አያቶቻቸውን ታሪክ ከየመዝገቡ እየለቀሙ ይገጣጥማሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ፍለጋው እንዴት እንደሚካሄድ፣ የት ላይ እንደሚያሳስትና ለእኛ ለእጩ መምህራን ምን እንደሚያስተምር ባጭሩ መግለጽ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ግዞቱ ምን ነበር?

እንግሊዝ ከ1788 እስከ 1868 ባሉት 80 ዓመታት ውስጥ 162,000 ያህል እስረኞችን ወደ አውስትራሊያ በመርከብ ልካለች። ከነዚህ ውስጥ 25,000 ያህሉ ሴቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝ ሕግ በስርቆት እስከ ሞት ድረስ ይቀጣ ነበር። እስር ቤቶቹም ሞልተው ነበር። ቀድሞ እስረኞች ይላኩ የነበሩት ወደ አሜሪካ ሲሆን፣ አሜሪካኖች ለነፃነታቸው ጦርነት ሲጀምሩ ያ መንገድ ተዘጋ። ስለዚህ መንግሥት ሌላ ቦታ ፈለገ። የተገኘውም ቦታ ባዶ መሬት አልነበረም፤ ነባሮቹ ሕዝቦች በአሥር ሺህ በሚቆጠሩ ዓመታት የኖሩበት አገር ነበር። የግዞተኞቹን ታሪክ የሚያነብ ሁሉ ይህን መርሳት የለበትም። የተበደለው ድሃ የሰፈረው ከሌላ ተበዳይ በተነጠቀ መሬት ላይ ነውና።

ቅጣቱ 7 ዓመት፣ 14 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ይባል ነበር። ነገር ግን ጊዜው ሲያልቅ መንግሥት የመመለሻ የመርከብ ዋጋ አይከፍልም። ወንዱ በመርከበኛነት ተቀጥሮ እየሠራ ሊመለስ ይችላል። ሴቷ ግን ይህ ዕድል የላትም። ስለዚህ በወረቀት ላይ 7 ዓመት የተባለው ለብዙዎቹ ሴቶች በተግባር ዕድሜ ልክ ሆነ ማለት ነው።

አንደኛ፦ የፍርድ ቤቱ መዝገብ

ፈላጊው ሦስት ነገር ማወቅ አለበት፤ ስሟን፣ የተፈረደባትን ቦታና ጊዜ፣ እንዲሁም የመጣችበትን መርከብ። አንዱ ከተገኘ ሌሎቹን ይስባል። ለምሳሌ ለንደን ውስጥ ኦልድ ቤይሊ በሚባለው ፍርድ ቤት ከ1674 እስከ 1913 የታዩት ጉዳዮች የታተመ ዘገባ አላቸው። ዛሬ ይህ ሁሉ በኮምፒዩተር ስለሚገኝ ማንም ሰው ስም ጽፎ መፈለግ ይችላል።

የሜሪ ዌድን ጉዳይ እንመልከት። ሜሪ ለንደን ውስጥ መንገድ እየጠረገች የምትለምን ልጅ ነበረች። ዕድሜዋ ብዙውን ጊዜ 11 ዓመት ገደማ ነበር ይባላል። ከአንዲት የ14 ዓመት ጓደኛዋ ጋር ሆና የ8 ዓመት ልጅ ልብስ ገፈፈች ተብላ ተከሰሰች። የተወሰደው አንድ የጥጥ ቀሚስ፣ አንድ የበፍታ የአንገት ልብስና አንድ ቆብ ነው። ቀሚሱን መያዣ ሰጥተው ገንዘብ ተቀብለውበታል። ጃኑዋሪ 14 ቀን 1789 ሁለቱም ልጆች የሞት ፍርድ ተፈረደባቸው። እንዴ! ለአንድ ቀሚስ? አዎን፣ ለአንድ ቀሚስ። በመጋቢት ግን ንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ታመው ስለዳኑ፣ በደስታው ምክንያት ሞት የተፈረደባቸው ሴቶች ቅጣት ወደ ግዞት ተለወጠ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። መዝገቡ ስለ ቀሚሱ በዝርዝር ይናገራል። ስለ ሜሪ ረሃብ ግን የሚጠይቅ አልነበረም። ፍርድ ቤት የሚመዘግበው የጠየቀውን ብቻ ነው። ስለዚህ መዝገቡ ላይ የሌለ ነገር ሁሉ አልነበረም ማለት አይቻልም።

ሁለተኛ፦ የመርከቡ መዝገብ

ሜሪ የተጫነችው ሌዲ ጁሊያና በተባለችው መርከብ ነው። መርከቧ ከእንግሊዝ በ1789 ተነሥታ ጁን 3 ቀን 1790 ሲድኒ ደረሰች። ጉዞው አንድ ዓመት ሊሞላው ምንም ያህል አልቀረውም ነበር። የጫነችውም ሴት እስረኞችን ነው።

የእስረኛ መርከቦች አብዛኛውን ጊዜ የስም ዝርዝር ይዘው ይመጡ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ዝርዝሩ አጭር ነበር፤ ስም፣ የተፈረደበት ቦታ፣ የቅጣት ዘመን። እየቆየ ሲሄድ ግን ሰፋ። የትውልድ ስፍራ፣ ሙያ፣ ማንበብና መጻፍ መቻል፣ ቁመት፣ የዓይን ቀለም፣ ጠባሳና ንቅሳት ሳይቀር ይጻፍ ጀመር። ጸሐፊው ይህን የጻፈው ብትጠፋ ለመያዝ እንዲያመች ነው። ዛሬ ግን ፎቶግራፍ ያልነበራት አያት ምን ትመስል እንደነበር የልጅ ልጆቿ የሚያውቁት ከዚሁ ነው። ለማሳደድ የተጻፈ ወረቀት ለማስታወሻ ዋለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፦ የቅኝ ግዛቱ መዝገቦች

ከመርከብ ከወረደች በኋላ ሴቷ በልዩ ልዩ ወረቀቶች ውስጥ ብቅ ትላለች። ዋና ዋናዎቹ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ) የሕዝብ ቆጠራ፣ በተለይ የ1828ቱ የኒው ሳውዝ ዌልስ ቆጠራ።
ለ) ቅጣቷን ሳትጨርስ ለራሷ ሠርታ እንድታድር የሚፈቅድ ወረቀት፣ ስትጨርስ ደግሞ የነፃነት ምስክር ወረቀት።
ሐ) ለማግባት የተጠየቀ ፈቃድ። ግዞተኛ ለማግባት ፈቃድ ያስፈልገው ነበርና።
መ) የቤተ ክርስቲያን የጥምቀት፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ።
ሠ) መሬት ለማግኘት ለገዢው የቀረበ ማመልከቻ።
ረ) የሴቶች ፋብሪካ መዝገብ።

ይህ «የሴቶች ፋብሪካ» የሚባለው ስሙ እንጂ ነገሩ የእስር ቤት፣ የሥራ ቤትና የአራስ ቤት ድብልቅ ነበር። በፓራማታና በሆባርት የነበሩት በጣም የታወቁ ናቸው። የሆባርቱ የካስኬድስ ፋብሪካ በ1828 ተከፍቶ በ1856 የተዘጋ ሲሆን፣ በ2010 ከሌሎች የግዞት ስፍራዎች ጋር በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዛሬዋ ታዝማኒያ የተያዘው የጠባይ መዝገብ ደግሞ አሠሪዋን ተሳድባለች፣ ያለ ፈቃድ ወጥታለች፣ ሰክራለች እያለ ጥፋት ብቻ ይዘረዝራል። አሠሪዋ ምን እንዳደረጋት የሚጻፍበት ዓምድ ግን አልነበረውም።

አንዳንዱ መዝገብ ከዚህም ይብሳል። በ1806 ቄስ ሳሙኤል ማርስደን የቅኝ ግዛቲቱን ሴቶች መዝግበው «ያገባች» እና «ቁባት» ብለው ከፈሏቸው። ከ1,430 ሴቶች ውስጥ 395ቱ ብቻ ያገቡ፣ 1,035ቱ ቁባቶች ተባሉ። ታዲያ ይህ ሁሉ ሴት ባለጌ ነበረች? አይደለም። ቄሱ ጋብቻ ብለው የቆጠሩት በራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የተፈጸመውን ብቻ ነው። በካቶሊክ ወይም በአይሁድ ሥርዓት ያገባች ሴት ቁባት ተብላ ተጻፈች። ይህን ሳያውቅ መዝገቡን ያነበበ የልጅ ልጅ አያቱን ያለ ጥፋቷ ያማታል።

አራተኛ፦ ስም

በፍለጋው ውስጥ ትልቁ ችግር ስም ነው። እንግሊዛዊት ሴት ስታገባ የባሏን ስም ትይዛለች። ባሏ ሞቶ ሌላ ብታገባ እንደገና ይለወጣል። ስለዚህ አንዲት ሴት በሦስት ስም ሦስት ሰው መስላ ትገኛለች። የእኛ አገር ሴት አግብታም በአባቷ ስም ስለምትጠራ በዚህ በኩል ይሻላል። ነገር ግን እኛም ሰባት ቤት ስንቆጥር ብዙውን ጊዜ በአባት በኩል ነው። አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያልን ወደ ላይ እንወጣለን፤ እናቶቹ ግን በየደረጃው ይቀራሉ። መንገዱ ይለያይ እንጂ ሴቷ መጥፋቷ አንድ ነው።

ሜሪ ራይቢ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት። የተወለደችው በ1777 ሲሆን ስሟ ሜሪ ሄይዶክ ነበር። ፈረስ ሰረቅሽ ተብላ ስትያዝ የወንድ ልብስ ለብሳ ጀምስ በሮው በሚል የወንድ ስም ትጠራ ነበር። 7 ዓመት ተፈርዶባት በ1792 ሲድኒ ገባች። በ1794 ቶማስ ራይቢን አገባች። ባሏ በ1811 ሲሞት 7 ልጆችና የንግድ ሥራ በእጇ ቀረ። እሷም መርከብና ቤት ያላት ትልቅ ነጋዴ ሆነች። በ1820 እንግሊዝን ለመጎብኘት ሄዳ በተከታዩ ዓመት ተመለሰች። ታዲያ በ1828 ቆጠራ ጊዜ እንዴት እንደመጣች ስትጠየቅ «በ1821 በነፃ የመጣሁ ነኝ» ብላ አስመዘገበች። ነገሩ ውሸት ነው እንዳይባል በዚያ ዓመት በነፃ መምጣቷ እውነት ነው። እውነት ነው እንዳይባል ደግሞ የ1792ቱን አልተናገረችም። ዛሬ ምስሏ በአውስትራሊያ የ20 ዶላር ኖት ላይ ይገኛል።

እንግዲህ መዝገብ የሚያጣምመው ጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ተመዝጋቢዋም ናት። ስለዚህ አንድ ወረቀት ብቻ ይዞ መፍረድ አይገባም። ሁለትና ሦስት ወረቀት ጎን ለጎን አስቀምጦ ማመሳከር ያስፈልጋል።

እፍረትና ዝምታ

ራይቢ ያደረገችውን ብዙ ቤተሰቦች ለመቶ ዓመትና ከዚያም በላይ አድርገዋል። በግዞተኛ መወለድ እንደ እድፍ ይቆጠር ነበር። ቫን ዲመንስ ላንድ ይባል የነበረው ደሴት ግዞቱ በ1853 ሲቆም ስሙን እንኳ ለውጦ በ1856 ታዝማኒያ ተባለ፤ አንዱ ምክንያት መጥፎ ዝናውን ለመተው ነው። ልጆች አያታቸው ከየት እንደመጣች ሲጠይቁ ወሬ ይለወጥባቸዋል። ይህ ሁኔታ የተገላበጠው በ20ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በ1988 ባቤት ስሚዝ የተባለች ጸሐፊ የራሷን ግዞተኛ አያት የሱዛና ዋትሰንን ፈለግ ተከትላ፣ በፕሪንሰስ ሮያል መርከብ አብረዋት የመጡትን ሴቶች ጭምር ያካተተ መጽሐፍ አሳተመች። ሱዛና ኖቲንግሃም ውስጥ ከሱቅ በመስረቅ 14 ዓመት የተፈረደባት የልጆች እናት ነበረች። በ2007 ደግሞ የግዞተኞቹ መዝገቦች ዩኔስኮ በሚይዘው የዓለም መታሰቢያ መዝገብ ውስጥ ገቡ።

ሜሪ ዌድስ? 21 ልጆች ወለደች። ከባሏ ከጆናታን ብሩከር ጋር ገበሬ ሆና ኖራ በ1859 ሞተች። ከተወላጆቿ አንዱ የአውስትራሊያ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ኬቪን ራድ ናቸው። ፍርድ ቤቱ ያያት በ1789 ለአንድ ቀን ነው። እሷ ግን ከዚያ በኋላ 70 ዓመት ኖራለች። ታዲያ ማንነቷ የቱ ነው? የአንዱ ቀን ወይስ የሰባው ዓመት?

ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

ነገ ክፍል ስንገባ ልጆች ስለ ቤተሰባቸው እንዲጽፉ እናዛለን። አንዱ ደስ ብሎት ይጽፋል፤ ሌላው አንገቱን ይደፋል። እቤቱ የማይነገር ነገር ይኖራል። እንደኔ አስተያየት መምህሩ ሦስት ነገር ማድረግ ይችላል።

1ኛ፦ ልጁን ባደባባይ እንዲናገር አያስገድድ።
2ኛ፦ ልጆች የእናታቸውን እናት፣ የእሷንም እናት ስም ጠይቀው እንዲመጡ ያድርግ። ከሁለተኛው ደረጃ በላይ ስንቶቻችን እንደምናውቅ መጀመሪያ እኛው ራሳችንን ብንፈትን መልካም ነው።
3ኛ፦ ማንኛውም ጽሑፍ ሲነበብ ሦስት ጥያቄ እንዲጠየቅ ያስለምድ፤ ማን ጻፈው? ለምን ጻፈው? ያልተጠየቀውስ ማነው?

በመጨረሻም ስለ ራሳችን መዝገብ ላስታውስ። መምህር የሚጽፈው የጠባይ ሪፖርት ቀላል ወረቀት አይደለም። «ሰነፍ»፣ «አስቸጋሪ» ብለን በአንድ መስመር የምንጽፈው ቃል ልጁን ለረጅም ጊዜ ይከተለዋል። ምናልባትም ከመቶ ዓመት በኋላ ስለዚያ ልጅ የሚገኘው ብቸኛ ጽሑፍ እሱ ይሆናል። ስለዚህ ብዕራችንን ከማንሳታችን በፊት ልጁ ቁርስ በልቶ መምጣቱን እንጠይቅ።